ስለ አክሲዮን ቅርጫቶችና ስለ አመራረጣቸው

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከደመወዛቸው ቈጥበው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በምን ላይ ቢያውሉት እንደሚሻል በተመካከሩ ቊጥር አንድ ስም ዘወትር ይነሣል፤ ይኸውም ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው ነው። ስሙ ቃል በቃል ቢተረጐም «በገበያ የሚነገድ ፈንድ» ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አባባል ነገሩን ለማያውቅ ሰው ብዙ ስለማይገልጽለት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የአክሲዮን ቅርጫት» ወይም ባጭሩ «ቅርጫት» እያልሁ እጠራዋለሁ። በአገራችንም የካፒታል ገበያ አዋጅ ቊጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ከወጣና የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ጉዳዩ ባሕር ማዶ ያሉትን ብቻ የሚመለከት መሆኑ እየቀረ ሄዷል።

ችግሩ የቅርጫት እጥረት አይደለም። በአሜሪካ ገበያ ብቻ በሺህ የሚቈጠሩ ቅርጫቶች ይሸጣሉ። ከገዥዎች ብዙዎቹ ግን ቅርጫት የሚመርጡት ስሙንና ባለፈው ዓመት ያስገኘውን ትርፍ አይተው ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ደካማ መሪዎች ናቸው። መመርመር የሚገባው ቅርጫቱ በውስጡ የያዘው ነገር፣ ለያዡ የሚያስከፍለው ገንዘብ፣ ደግሞም ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ነው። ከነዚህ ይልቁንም የመጀመሪያው ስለሚዘነጋ በርሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

አስቀድመን ቅርጫት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አክሲዮን የገዛ ሰው የአንድ ማኅበር የባለቤትነት ክፋይ ይኖረዋል፤ ማኅበሩ ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ያገኛል፤ ሲከስር ያው ክፋይ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ሰው ከአምስት መቶ ማኅበሮች አንዳንድ አክሲዮን ልግዛ ቢል ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃውም። ስለዚህ አንድ አስተዳዳሪ ድርጅት የብዙ ማኅበሮችን አክሲዮን ገዝቶ በባለአደራ ባንክ ያስቀምጣል፤ ያንን የተከማቸ ሀብት በትንንሽ ድርሻ ከፍሎ ድርሻዎቹን በአክሲዮን ገበያ ያሻሽጣል። ቅርጫት የምንለው ይህንን ነው። ባለ ድርሻው የያዘው የበዓል ቅርጫ መደብ ይመስላል፤ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል።

አሠራሩን ለመረዳት ደግሞ የቡና ንግድ ልማድ ይረዳናል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ወይም ሰሊጥ ያመጣ ሰው ምርቱን ወደ መጋዘን ያስገባል፤ ደረጃው ከወጣለት በኋላ የመጋዘን ደረሰኝ ይያዝለታል፤ ከዚያ ወዲያ በገበያው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ደረሰኙ እንጂ ጆንያው አይደለም። የመጨረሻው ገዥ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ምርቱን ይረከባል። በአሜሪካ የመጀመሪያውን ታዋቂ ቅርጫት ያቀደው ናታን ሞስት፣ ያን ጊዜ የአሜሪካን ስቶክ ኤክስቼንጅ ባልደረባ የነበረ፣ ሐሳቡን የወሰደው ከዚሁ ከመጋዘን ደረሰኝ ልማድ ነው። የአክሲዮኖቹ ክምር በመጋዘን ይቀመጥ፤ በገበያው የሚገለባበጠው ደረሰኙ ይሁን አለ።

ሞስት ይህን ሐሳብ ይዞ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጆን ቦግል ነበር። ቦግል የቫንጋርድ መሥራች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ሕዝብ የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ተከታይ ፈንድ ያቋቋመ ሰው ነው። ኢንዴክስ ማለት የአንድ ገበያ ማኅበሮች በአንድነት ዋጋቸው መውጣቱንና መውረዱን የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ ፈንዱም ማኅበር ሳያማርጥ በመለኪያው ውስጥ ያሉትን ሁሉ እንደየመጠናቸው ይይዛል። በዚያን ጊዜ 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ ታስቦ የተገኘው 11.3 ሚሊዮን ብቻ ስለ ነበር የሞያው ሰዎች «የቦግል ሞኝነት» እያሉ አላግጠውበት ነበር። ይህ ሰው ግን የሞስትን ሐሳብ አልተቀበለውም። ምክንያቱም ድርሻው ቀኑን ሙሉ በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ከሆነ ቈጣቢው ቊጭ ብሎ መጠበቁን ትቶ ነጋዴ ይሆናል ብሎ ስለ ሰጋ ነው። ሞስትና ባልደረቦቹ ሌላ ድርጅት ፈልገው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለውን ኢንዴክስ የሚከተለውን ቅርጫት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1993 ለገበያ አቀረቡ። ከርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ በቶሮንቶ ገበያ ተመሳሳይ ቅርጫት ተጀምሮ ነበር። ሁለቱም ሰዎች አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ መሣሪያው እጅግ ጠቃሚ ሆነ፣ ቦግል የፈራው የዕለት ተዕለት ንግድም እውነት ሆነ።

የቅርጫቱ ዋጋ በውስጡ ካሉት አክሲዮኖች ዋጋ እንዳይርቅ የሚጠብቁት ፈቃድ ያላቸው ትላልቅ ነጋዴዎች ናቸው። የቅርጫቱ ድርሻ በገበያ ላይ ከይዞታው ረክሶ ሲገኝ እነዚህ ነጋዴዎች ድርሻውን በብዛት ይገዙና ለአስተዳዳሪው መልሰው በልዋጩ አክሲዮኖቹን ይረከባሉ፤ ተወዶ ሲገኝ ደግሞ አክሲዮኖቹን አስረክበው አዲስ ድርሻ ይቀበላሉ። ከላይ በተጠቀሰው በ1993ቱ ቅርጫት ይህ ልውውጥ የሚደረገው በ50000 ድርሻ ነው። ነጋዴዎቹ ይህን የሚያደርጉት ለትርፋቸው ነው፤ ሆኖም ትርፋቸውን ሲፈልጉ ዋጋውን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ገበያ ሲደናገጥ ግን ሥርዐቱ ይንገዳገዳል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2015 በኒው ዮርክ ገበያው በተከፈተባቸው ደቂቃዎች አያሌ ቅርጫቶች ከያዙት አክሲዮን ዋጋ እጅግ ወርደው ተሽጠዋል፤ በመጋቢት 2020ም የቦንድ ቅርጫቶች ከይዞታቸው በታች ሲሸጡ ታይተዋል። ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው፤ ገበያው እንደ ተከፈተ ወዲያው አለመግዛትና አለመሸጥ፣ ትእዛዝ ሲሰጡም «ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም» ብሎ ወሰን ማስቀመጥ ነው።

ኢንዴክስን ዝም ብሎ መከተል አክሲዮን ከሚያማርጥ አዋቂ ለምን እንደሚሻል ዊሊያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ አስረድቷል። ክርክሩን በቅርጫ እንመስለው። አንድ ሰንጋ ለሃያ ሰዎች ይታረዳል እንበል። ዐሥሩ ሰዎች ሳይመርጡ ከሁሉም እኩል ይወስዳሉ፤ ዐሥሩ ደግሞ ቀሪውን ሥጋ እርስ በርሳቸው እየተሻሙ «እኔ ጥሩውን አውቃለሁ» ይባባላሉ። ከተሻሚዎቹ አንዱ ጥሩውን ቢያገኝ ሌላው አጥንቱን ያገኛል፤ ዐሥሩን በአንድነት ብንመዝን ግን የደረሳቸው ሳይመርጡ ከወሰዱት ጋር እኩል ነው። እያንዳንዱ ተሻሚ መራጭ ቀጥሮ ክፍያ የሚከፍል ከሆነ ታዲያ ከክፍያው በኋላ አማካዩ ተሻሚ የግድ ከማይመርጠው ያነሰ ይደርሰዋል። ይህ ግምት ወይም አስተያየት ሳይሆን የመደመርና የመቀነስ ሒሳብ ነው። ብልህ መራጭ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ብልሁን አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ራሱ ሌላ ምርጫ ነው ማለት ነው።

ክፍያው ምን ያህል እንደሚጎዳ በቊጥር እንየው። አንድ ሰው 10000 ዶላር ለ30 ዓመት ቢያስቀምጥና ለሒሳብ ያህል በየዓመቱ 7 ከመቶ ያስገኛል ብንል፣ የአስተዳደር ክፍያው 0.03 ከመቶ በሆነ ቅርጫት መጨረሻ ላይ ወደ 75500 ዶላር ይሆናል። ክፍያው በዓመት 1 ከመቶ በሆነ ፈንድ ግን ወደ 57400 ዶላር ብቻ ይደርሳል። ልዩነቱ ከ18000 ዶላር ያልፋል፤ መጀመሪያ ካስቀመጠው ገንዘብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። አንድ ከመቶ የተባለው ክፍያ ለጆሮ ትንሽ የሚመስለው ከትርፉ ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ፣ ደግሞም በያመቱ የሚነሣ መሆኑ ስለማይታሰብ ነው።

ፍጹም አንድ ዓይነት ይዞታ ያላቸው ቅርጫቶችም በክፍያ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የ1993ቱ ቅርጫት ክፍያ 0.0945 ከመቶ ሲሆን፣ ያንኑ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚከተሉት የቫንጋርድና የአይሼርስ ቅርጫቶች ክፍያ 0.03 ከመቶ ነበር። ውዱ ቅርጫት ታዲያ ለምን አልጠፋም? በየቀኑ እጅግ በብዛት ስለሚነገድ በገዥና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው፤ ትላልቅ ነጋዴዎችም ለአንድ ሳምንት ይዘውት ስለሚሸጡት የዓመቱ ክፍያ አያሳስባቸውም። ለሠላሳ ዓመት ለሚይዝ አስተማሪ ወይም አስታማሚ ግን የሚያሳስበው ያ የዓመቱ ክፍያ ነው። እንግዲህ ታዋቂውና ተስማሚው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ይዞታው እንመለስ። ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጥናት ያሳየው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የአንድ ሀብት አደገኛነት የሚለካው ለብቻው ሳይሆን አጠገቡ ካለው ሌላ ሀብት ጋር አብሮ በመውጣትና በመውረዱ ነው። ዝናብ ሲጠፋ የሚከስሩ ሁለት እርሻዎችን የያዘ ሰው ሁለት ንብረት ቢኖረውም ያለው አደጋ አንድ ነው። ይህ ነገር በክፍል ውስጥ ሲነገር ሁላችንም እሺ እንላለን፤ ቅርጫት ስንመርጥ ግን እንረሳዋለን።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሰው «ገንዘቤን በሦስት ቦታ ከፍያለሁ» ብሎ አንዱን ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በሚከተል ቅርጫት፣ ሁለተኛውን ናስዳክ 100ን በሚከተል፣ ሦስተኛውን የቴክኖሎጂ ማኅበሮችን ብቻ በሚይዝ ቅርጫት ላይ ያውላል። ስማቸው ሦስት፣ የያዘው ሰነድም ሦስት ነው። ይዞታቸውን ገልጦ ቢያይ ግን አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ኤንቪዲያ በሦስቱም ውስጥ ከላይ ተሰልፈው ያገኛቸዋል። ይህ ሰው ያደረገው ከአንድ ሰንጋ ላይ ሦስት ጊዜ ሽንጥ መግዛት ነው። ገበያው በሚወርድበት ጊዜ ሦስቱ ቅርጫቶች ተያይዘው ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስከትለው ጉዳት ተረት አይደለም፤ ናስዳክ 100 እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ከ80 ከመቶ በላይ ወርዷል፤ ወደ ቀድሞው ከፍታ ለመመለስም ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ኤስ ኤንድ ፒ 500 ራሱ ስሙ እንደሚያስመስለው አምስት መቶ እኩል ክፋይ አይደለም። ሚዛኑ የሚወሰነው ማኅበሮቹ በገበያ ባላቸው ዋጋ ስለ ሆነ ትልቁ ማኅበር ትልቅ ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዐሥሩ ትላልቅ ማኅበሮች ብቻቸውን ከሦስት አንድ በላይ የሆነውን ሚዛን ይዘው ነበር። ይህን በመጥፎነቱ አልጠቅሰውም፤ የገበያው እውነተኛ መልክ እንዲህ ከሆነ ቅርጫቱም መምሰል ያለበት ያንኑ ነው። ገዥው ግን የሚገዛውን ነገር አውቆ መግዛት ይገባዋል።

«አሜሪካንን ከያዝሁ ሌላ አገር ምን ያደርግልኛል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት የአሜሪካ ገበያ ከሌሎች እጅግ ስለ በለጠ ጥያቄው የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ በቶኪዮ የነበረ ሰውም ይህንኑ ስለ ጃፓን ይል ነበር። ኒኬይ 225 የተባለው የጃፓን ኢንዴክስ በዚያ ዓመት የመጨረሻ የገበያ ቀን 38915 ደርሶ ነበር፤ ያንን ከፍታ እንደገና ያለፈው በየካቲት 2024 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው ሥራ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ያለውን ዕድሜ ያህላል። አሜሪካም ብትሆን ከ2000 መግቢያ እስከ 2009 መጨረሻ ድረስ ባሉት ዐሥር ዓመታት ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የያዘ ሰው የትርፍ ድርሻው ተደምሮለት እንኳ ከስሯል። የትኛው አገር ወደፊት እንደሚቀድም የማያውቅ ሰው ሁሉንም በየሚዛኑ የሚይዘውን የዓለም ቅርጫት ቢመርጥ የበለጠ ትክክል ይመስለኛል። ከነዚህ ቅርጫቶች ክፍያቸው ከ0.1 ከመቶ በታች የሆነ ይገኛል። በውስጣቸውም አሜሪካ ከግማሽ በላይ ስላላት፣ የዓለም ቅርጫት የያዘ ሰው አሜሪካን ተወ ማለት አይደለም።

ከአክሲዮን ጎን የሚቀመጠው ሁለተኛው ነገር ቦንድ ነው፤ ይኸውም ለመንግሥት ወይም ለድርጅት የተሰጠ ብድር ሆኖ ወለድ የሚከፈልበት ሰነድ ነው። የቦንድ ቅርጫት አስተማማኝ ነው እየተባለ ይነገራል። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ግን የቦንዶቹ ዕድሜ ገንዘቡ ከሚፈለግበት ቀን ጋር ሲስማማ ብቻ ነው። በገበያ ወለድ ሲጨምር የቈየው ቦንድ ዋጋው ይቀንሳል፤ ለግምት ያህል አማካይ ዕድሜው 6 ዓመት የሆነ ቅርጫት ወለድ በአንድ ከመቶ ሲጨምር ወደ 6 ከመቶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ ባንክ ወለዱን በፍጥነት ሲያሳድግ ሰፊው የአሜሪካ ቦንድ ቅርጫት ወደ 13 ከመቶ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውን የመንግሥት ቦንዶች የያዘው ደግሞ ወደ 31 ከመቶ ወረደ። በዚያው ዓመት አክሲዮኑም ወደ 18 ከመቶ ወርዶ ነበር። «ቦንድ» የሚለውን ስም ብቻ አይተው በሚቀጥለው ዓመት ለቤት መግዣ የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ በረዥሙ ቦንድ ላይ ያዋሉ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው መገመት አያስቸግርም።

ፈጽሞ ለቈጣቢ የማይስማሙ ቅርጫቶችም አሉ፤ በነርሱ ላይ ብዙ መቈየት አያስፈልግም። አንደኛው ዓይነት የኢንዴክሱን የዕለት ለውጥ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አደርጋለሁ የሚለው ነው። ኢንዴክሱ ዛሬ 10 ከመቶ ወርዶ ነገ 10 ከመቶ ቢወጣ 100 የነበረው 99 ይሆናል፤ ባለ ሁለት እጥፉ ግን 100 የነበረው ዛሬ 80፣ ነገ 96 ይሆናል። አንድ ብቻ በጎደለበት ቦታ አራት ጎደለ፤ ገበያው እየተወዛወዘ በቈየ ቊጥር ይህ ጉድለት ይከማቻል። ሁለተኛው የድፍድፍ ነዳጅ ቅርጫት የሚባለው ነው፤ በውስጡ ያለው ነዳጅ ሳይሆን ወደፊት ለመረከብ የተገባ ውል ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ነዳጅ የግንቦት ውል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆኖ ሲዘጋ ብዙ ገዥዎች የያዙት ነገር ምን እንደ ሆነ ያወቁት ያን ዕለት ነው። ሦስተኛው መልኩ ቅርጫት የሚመስለው፣ ነገር ግን በመጋዘኑ ውስጥ ምንም የሌለው ወረቀት ነው፤ የአንድ ባንክ ቃል ኪዳን ብቻ ነው። ሌማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወድቅ እንዲህ ያለ የርሱን ወረቀት የያዙ ሰዎች ገንዘባቸው ቀልጦ ቀርቷል። እስራኤል የዚህ ዓይነት ሰነዶችን በሕግ ወደ እውነተኛ ፈንድነት ያዛወረችው በ2018 ነው።

የመኖሪያው አገር ሕግም ምርጫውን ይለውጠዋል፤ ይህን ነጥብ ብዙ መምሪያዎች የሚጻፉት ለአሜሪካኖች ብቻ ስለ ሆነ ይዘሉታል። በዋሽንግተን የሚኖረው ወንድምና በዱባይ የምትኖረው እኅቱ አንዱን ኢንዴክስ ቢፈልጉም አንዱን ቅርጫት መግዛት አይገባቸውም። የአሜሪካ ነዋሪ የሆነው በአሜሪካ የተመዘገበውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ በውጭ አገር የተመዘገበ ፈንድ ቢይዝ ከባድ ግብርና አድካሚ ሪፖርት ይጠብቀዋል። በዱባይ ያለችው ግን በአሜሪካ የተመዘገበውን ብትይዝ ከትርፍ ድርሻዋ 30 ከመቶ በአሜሪካ ይቀነስባታል፤ ከዚህም የከፋው ብትሞት በአሜሪካ ያላት ሀብት ከ60000 ዶላር ካለፈ በትርፉ ላይ እስከ 40 ከመቶ የውርስ ግብር ሊጠየቅባት መቻሉ ነው። በአየርላንድ የተመዘገበው ተመሳሳይ ቅርጫት ከአሜሪካ አክሲዮኖች ትርፍ ድርሻ ላይ የሚከፍለው 15 ከመቶ ነው፤ የአሜሪካው የውርስ ግብርም አይደርስበትም። በአውሮፓ የሚኖሩ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በወጣው ደንብ ምክንያት ተራ ቈጣቢዎች የአሜሪካውን ቅርጫት እንደ ልባቸው መግዛት ስለማይችሉ፣ በአየርላንድ ወይም በሉክሰምቡርግ የተመዘገበውን ይገዛሉ። በኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው የውጭ ምንዛሪ አውጥቶ ከነዚህ አንዱን ለመግዛት የምንዛሪው ሕግ ይገድበዋል።

የተባለው ሁሉ በአንድ ሰው ኑሮ ላይ እንዴት እንደሚውል ለማየት በሜሪላንድ በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ የ38 ዓመት ነርስ አለች እንበል። በ67 ዓመቷ ጡረታ መውጣት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የቤት መያዣ ገንዘብ መክፈል ትፈልጋለች፤ በየወሩም ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች። አሠሪዋ በጡረታ ሒሳቧ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያዋጣላት ከሆነ ከማንኛውም ቅርጫት በፊት ያንን ሙሉ በሙሉ መውሰድ አለባት፤ ምክንያቱም እንደዚያ ያለ ትርፍ ከየትም አይገኝም። ቀጥሎ የመጠባበቂያ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ መጻሕፍት ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ወጪ ይበቃል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ለኛ ሰው ይህ ያንሳል። አገር ቤት ለሚደርስ ሕመም፣ ለቅሶና ሠርግ ስልክ ሲደወል «ገበያው ወርዷልና እስኪመለስ ጠብቁኝ» አይባልም፤ መጠባበቂያ የሌለው ሰው አክሲዮኑን በወረደ ዋጋ ይሸጣል። እንደ ማየው ከሆነ ከወገኖቻችን ብዙዎቹን ከአክሲዮን ገበያ ባዶ እጃቸውን የሚያስወጣቸው የምርጫ ስሕተት ሳይሆን ይህ ነው።

የቤቱ ገንዘብ ሦስት ዓመት ብቻ ስለ ቀረው ወደ አክሲዮን መግባት የለበትም፤ በባንክ ወይም የአጭር ጊዜ የመንግሥት ሰነዶችን በያዘ ቅርጫት ይቀመጥ። የጡረታው ገንዘብ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለው። ከርሱ 80 ከመቶውን በአንድ የዓለም አክሲዮን ቅርጫት፣ 20 ከመቶውን በአንድ የመካከለኛ ዕድሜ ቦንድ ቅርጫት ብታደርገው ሁለት ቅርጫት በቂዋ ነው። ከመግዛቷ በፊት ግን አንድ ሒሳብ ትሥራ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ወደ 57 ከመቶ ወርዶ ነበር። 100000 ዶላር ቢኖራትና አክሲዮኑ እንዲሁ ቢወርድ፣ ቦንዱ ባለበት ቢቈይ ወደ 54000 ይቀራታል። ይህን ቊጥር አይታ ሳትሸጥ መቈየት የማትችል ከመሰላት 80 የተባለውን ዛሬውኑ ወደ 60 ታውርደው። በየወሩ ደመወዝ እንደ ደረሰ ዕቁብ እንደሚጣል አድርጎ የተወሰነ ገንዘብ መግዛት፣ በዓመት አንድ ጊዜም አክሲዮኑ ከ80 አልፎ ከሄደ አዲሱን ገንዘብ ወደ ቦንዱ ማዘንበል ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሥራ የለውም። በየቀኑ ዋጋ መመልከቱ የሚጠቅመው አገናኙን ድርጅት ነው።

በመጨረሻ ስለ አገራችን ገበያ ጥቂት ልበል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንዱስትሪዎች ሲወረሱ ቀርቷል። አዲሱ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፤ ገዳ ባንክም ተከተለው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም ከአክሲዮኑ 10 ከመቶውን ለሕዝብ ሽያጭ አቅርቧል። በባንኮች ብቻ የተሞላ ቅርጫት ቢዘጋጅ ስንት ስሞች ቢይዝ ይዞታው አንድ ሞያ ነው፤ የብድር ደንብ ሲጠብቅ ወይም የብር ምንዛሪ ሲለወጥ ሁሉም በአንድነት ይነካሉ። ባንኮቹ ምን ያህል ተያይዘው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ግን በግምት ሳይሆን በቊጥር ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። የባንኮቹ ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫዎች ታትመው ይገኛሉ፤ የዐሥር ዓመቱን ትርፍና የትርፍ ድርሻ በሰንጠረዥ አሰልፎ የማርኮዊትዝን ሒሳብ ቢሠራበት፣ ለሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል።